መድኃኒቱ አልፈየደኝም፤ ማግኔቱስ?

ሰሞኑን ከጎንደርና ከአካባቢዋ ከደረሱን ጥያቄዎች ውስጥ በአንድ ጉዳይ ላይ የመጡትን ለዚህ እትም ሰብስበናል፤ አልለቅ ያለ ድባቴን በማግኔት ምት ስለማከም። ባለሙያዎች ሕክምናውን ባጭሩ ቲኤምኤስ ይሉታል።

ጥያቄ፦ መምህርት ነኝ። ከድባቴ ጋር ስታገል ስድስተኛ ዓመቴ ነው። መጀመሪያ አሚትሪፕቲሊን፣ በኋላ ፍሉኦክሴቲን ታዞልኝ ነበር፤ ሁለቱም አልፈየዱኝም። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ «በማግኔት የሚሰጥ ሕክምና አለ፤ ወጪውን እኔ እችላለሁ» ይለኛል። እናቴ ግን «ጭንቅላትሽን በኤሌክትሪክ ሊያነዱብሽ ነው» ብላ ስታለቅስ ሰነበተች። የማንን ልስማ? (ከአዘዞ)

መልስ፦ እናትዎ የፈሩት ሌላ ሕክምና ነው። በዚያኛው ሐኪሞቹ በማደንዘዣ አስተኝተው፣ በራስ ቅል ላይ ኤሌክትሪክ አሳልፈው፣ ሆን ብለው አጭር መንቀጥቀጥ ይፈጥራሉ። (እሱም ቢሆን ስሙ የጠፋውን ያህል ክፉ አይደለም፤ በጣም ለከበደ ድባቴ ከማግኔቱ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።) በማግኔቱ ግን ማደንዘዣም ሆን ተብሎ የሚፈጠር መንቀጥቀጥም የለም። ነቅተው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ሲያልቅ ተነሥተው ይሄዳሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስምንት ቁጥር መስሎ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ከግንባር ከፍ ብሎ በግራ በኩል ራስ ላይ ይደገፋል። ከሴኮንድ አንድ ሺኛ ለማይሞላ ጊዜ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት ማግኔት ይፈጠራል። ማግኔቱ የራስ ቅልን ያለ ችግር ያልፍና ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይቀሰቅሳል። ጉልበቱ ለዚያች ቅጽበት ከኤምአርአይ ማሽን ጋር የሚቀራረብ ነው። የሚመታው ቦታ በድባቴ ጊዜ ሥራው ይቀዘቅዛል ተብሎ የሚታሰበው የፊተኛው አንጎል ነው። አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ ሼፊልድ መሣሪያውን በሰው አንጎል ላይ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1985 ሲሆን፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለድባቴ የፈቀደው በ2008 ነው።

ወንድምዎ እንግዲህ የሌለ ነገር አልነገሩዎትም። እኛ ግን ከማሽኑ በፊት የምንጠይቀው አለን፤ ሁለቱ መድኃኒቶች በእርግጥ ተሞክረዋል ወይ? ማታ ማታ አንዲት ባለ 25 ሚሊግራም አሚትሪፕቲሊን ለእንቅልፍ ወይም ለነርቭ ሕመም ትሆናለች እንጂ የአዋቂ ድባቴ አትፈውስም። ለድባቴ ቀስ በቀስ ወደ 75፣ ብሎም እስከ 150 ሚሊግራም ይወጣል። ፍሉኦክሴቲን 20 ሚሊግራም ሳይቋረጥ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ተወስዶ ለውጥ ከሌለ ሐኪሙ ይጨምራል። ፋርማሲ ውስጥ ጠፍቶ፣ ገጠር ወርደው፣ ወይም ለቀቅ ሲልዎት ትተውት ከሆነ «አልሠራም» አይባልም። ጨጓራ አቃጥሎ ያስተወም አልሠራም አይባልም፤ አልተስማማም ነው የሚባለው፣ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ስለዚህ ለሐኪምዎ በወረቀት ይዘው ይሂዱ፦ የመድኃኒቱን ስም፣ የደረሱበትን ከፍተኛ መጠን፣ የወሰዱበትን የሳምንት ብዛት፣ ያቆሙበትን ምክንያት።

ሁለት ነገር ደግሞ ያስመርምሩ። በደጋው አገራችን ዕንቅርት ብዙ ነው፤ የታይሮይድ ዕጢ ሲዳከም ድካሙ፣ ክብደት መጨመሩ፣ ብርድ አለመቻሉ ከድባቴ ጋር ይመሳሰላል። የደም ማነስም እንዲሁ። ሌላው፣ በሕይወትዎ ውስጥ ለቀናት ያህል ሳይተኙ ሳይደክሙ፣ ንግግር እየፈጠነ፣ ገንዘብ እየበተኑ ያሳለፉት ወቅት ካለ ሳይደብቁ ይናገሩ። ያ ባይፖላር (ስሜት ከድባቴ ወደ ከልክ ያለፈ ፍንደቃ የሚዋዥቅበት ሕመም) ሊሆን ይችላል፤ የድባቴ መድኃኒትም ማግኔቱም ወደዚያኛው ጫፍ ሊገፉት ይችላሉ።

ሁለቱም በሚገባ ተሞክረው ካልሠሩ ግን የወንድምዎ ሐሳብ ክብደት ያገኛል። ሁለት መድኃኒት ከከሸፈ በኋላ በሦስተኛው ሙሉ በሙሉ የሚድነው ከሰባት ሰው አንድ ያህል ነው። ማግኔቱ በክሊኒክ በተደረጉ ክትትሎች ከታከሙት ግማሽ ያህሉን በጉልህ ያሻሽላል፤ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከድባቴው ይወጣል። የማስመሰያ ምት (እውነተኛ የሚመስል ግን አንጎልን የማይነካ) ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር ቁጥሩ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ የአሜሪካ ጥናት እውነተኛውን ምት ካገኙት የዳኑት 14 በመቶ፣ ማስመሰያውን ካገኙት 5 በመቶ ነበሩ። ተአምር አይደለም፣ ከንቱም አይደለም።

ጥያቄ፦ ወንበሩ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ምን ምን ይደረግብኛል? ያማል? ስንት ቀን ይፈጃል? ጸጉሬንስ መቆረጥ አለብኝ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ጸጉርዎን አይቆረጡም፣ ወደ እሱ እንመለስበታለን።

የመጀመሪያው ቀን የመለኪያ ቀን ነው። ባለሙያው ሽቦውን ቀኝ እጅን ከሚያንቀሳቅሰው የግራ አንጎል በላይ ያስቀምጥና አንድ አንድ ምት እየለቀቀ የቀኝ አውራ ጣትዎን ያያል። ከአሥር ምት አምስቱን ጣቷን የሚያነቃንቅ ዝቅተኛው ጉልበት የእርስዎ መነሻ ይሆናል። አንዱ በማሽኑ ሙሉ ጉልበት 45 በመቶ፣ ሌላው በ70 በመቶ ሊነቃነቅ ይችላልና ለሰው ሁሉ የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ በመነሻው 120 በመቶ ይሰጣል። ይህን መለኪያ ዘሎ በቀጥታ ወደ ሕክምና የሚገባ ቤት ካጋጠመዎ ተነሥተው ይውጡ።

ቀጥሎ ቦታው ይወሰናል። የቆየው ዘዴ ከጣቷ ነጥብ 5.5 ሴንቲ ሜትር ወደፊት መሄድ ነው፤ ትልቅ ራስ ያለው ሰው ላይ ከተፈለገው ቦታ ወደኋላ ይቀራል። የሚሻለው በሜትር የራስን ዙሪያ፣ ከጆሮ ጆሮ፣ ከአፍንጫ ሥር እስከ ማጅራት ጉብታ ለክቶ ማስላት ነው። ቦታው በቆብ ላይ ምልክት ይደረግበታል፤ ቆቧ ነገም ያችው ቆብ ናት፣ የሚጻፍባትም የእርስዎ ስም ነው።

የተለመደው አሰጣጥ በሴኮንድ 10 ምት ለ4 ሴኮንድ፣ ከዚያ 26 ሴኮንድ ዕረፍት ነው። ይህ 75 ጊዜ ሲደጋገም 3000 ምት፣ 37 ደቂቃ ተኩል ይሆናል። አጭሩ ዓይነት 600 ምት በ3 ደቂቃ ይጨርሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በሆነ፣ ከ400 በላይ ሰው በተሳተፈበት ጥናት ከረጅሙ እንደማያንስ ታይቷል። ሁለቱም በሳምንት አምስት ቀን፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይሰጣሉ።

ስሜቱ? በጣት ጥፍር ራስን ቶሎ ቶሎ እንደ መምታት ነው፤ ድምፁም ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል። የጆሮ መድፈኛ ግዴታ ነው፤ ለእርስዎም ለባለሙያውም። ቅንድብ ወይም መንጋጋ ሊነቃነቅ ይችላል። ጥርስዎ ድረስ ከተሰማዎ ችለው አይቀመጡ፣ ሽቦው ትንሽ ሲዞር ይቀላል። ራስ ምታቱ በፓራሲታሞል ይታገሣል፤ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ብዙዎቹን ይተዋቸዋል።

አሁን ጸጉሩ። የማግኔቱ ጉልበት ከሽቦው በራቁ ቁጥር በፍጥነት ይወድቃል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር እንኳ ዋጋ አላት። መነሻዎ የተለካው ጸጉርዎ ተፈትቶ እያለ ነው እንበል። በሁለተኛው ሳምንት ጥምቀት ደረሰና አልባሶ ተሠርተው መጡ። ሽቦው በሹሩባው ቁመት ልክ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ማሽኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን የትናንቱ ነው። ምቱ ይሰማል፣ ወደ አንጎል የሚደርሰው ቀንሷል። ስለዚህ ወይ ከመጀመሪያው ቀን በያዙት አሠራር እስከ መጨረሻው ይቆዩ፣ ወይ በቀየሩ ቀን ጣቷ እንደገና ትለካ። የጸጉር መርፌ፣ ጉትቻና ሐብል ይወልቃሉ። ማተብ ክር ስለሆነ ማንም አይበጥስብዎትም፤ የተንጠለጠለበት የብር መስቀል ግን ለጊዜው ይፈታ። ስልክና የባንክ ካርድ ከወንበሩ ይራቁ።

የሚበላሸውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነገር ነው። ታካሚው ያንቀላፋና አንገቱ ዘንበል ሲል ሽቦው ይንሸራተታል። ሽቦው ሲግል ማሽኑ ራሱን ያቆማል። መብራት ከሄደ ባለሙያው የተሰጠውን ምት ቆጥሮ ከቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከሀ አይጀምርም። ከሁሉ የሚብሰው ግን በአሥረኛው ቀን «ምንም የለም» ብሎ መቅረት ነው፤ ለውጡ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት የሚጀምርላቸው ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ራሱ ውስጥ የቀረ የፍንጣሪ ብረት አለ። ዳያዜፓም (የማረጋጊያ ክኒን) ይወስዳል፤ ማታ ማታም አረቄ ቢጤ ይላል። ይሆነዋል? (ከዳባት)

መልስ፦ ፍንጣሪው ካለ መጀመሪያ ራጅ ወይም ሲቲ ስካን። በማግኔት የሚሳብ ብረት ሽቦው አጠገብ ከሆነ ሊንቀሳቀስ ወይም ሊግል ይችላል፤ ቁርጥ ያለ ክልከላ ነው። በጆሮ ውስጥ የተተከለ የመስሚያ መሣሪያና በአንጎል ደም ሥር ላይ የተደረገ የብረት መቆንጠጫም እንዲሁ። የልብ ምት ማስተካከያ ያለው ሰው ደግሞ የልብ ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይሞከርም። የተሞላ ጥርስ ችግር የለውም።

ከብረቱ ቢተርፉ እንኳ አረቄውና ዳያዜፓሙ አሉ። ከባዱ የጎን ጉዳት እዚያው ወንበር ላይ የሚጥል ነው፤ ከሺህ ታካሚ ለአንድ እንኳ አይደርስም፤ ግን ዕድሉን የሚያሰፉት የታወቁ ናቸው፦ ያልተተኛ ሌሊት፣ ብዙ መጠጥ ወይም መጠጥን በድንገት መተው፣ ዳያዜፓምን በድንገት ማቆም፣ ትራማዶል የተባለው የሕመም ማስታገሻ፣ ቀድሞ የነበረ የሚጥል በሽታ። ዳያዜፓም ደግሞ የማግኔቱን ጥቅም እንደሚያደበዝዝ የሚጠቁሙ ጥናቶች አሉ። ስለዚህ አይቁረጡበት፤ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንስለት፣ ከዚያ በኋላ ይታሰብ። ስለ አረቄው ለሐኪሙ እውነቱን ቢነግሩት ባለቤትዎን አሳልፎ መስጠት አይደለም።

ጥያቄ፦ እኅቴ ጠበል ጀምራለች፣ ጾምም ላይ ነን። ማግኔቱ ከዚህ ጋር ይጋጫል? (ከማራኪ)

መልስ፦ ጠበሉ ከማግኔቱ ጋር አይጋጭም። የሚጋጨው «ጠበል ላይ እያለሽ ክኒን አትዋጪ» የሚለው ምክር ነው፤ መድኃኒቷን በድንገት ካቆመች ድባቴው ተመልሶ ሲመጣ ጥፋቱ በማግኔቱም በጠበሉም ይላከካል። ማደንዘዣ ስለሌለ ለሕክምናው ብላ መጾምም መግደፍም የለባትም፤ ጾም ላይ ከሆነች ግን ቀጠሮዋ ጠዋት ይሁን፣ ከሰዓት በኋላ ራስ ምታቱ ይከብዳታል። አንድ ነገር ብቻ፦ ማኅሌት ቆማ አድራ ከሆነ የዚያን ቀን ወንበሩ ላይ አትቀመጥ። ደውላ በነገው ትለውጠው።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ «መኖር በቃኝ» ማለት ጀምሯል። ወደ ሌላ ከተማ ወስጄ ማግኔቱን ላሳክመው ገንዘብ እያሰባሰብኩ ነው። ሁለት ወር ይበቃኛል? (ከቆላ ድባ)

መልስ፦ ሁለት ወር አይጠብቁ፤ ይህን እንዳነበቡ ዛሬውኑ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዘውት ይሂዱ፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። በግልጽ ይጠይቁት፤ «ራስህን ስለማጥፋት አስበሃል?» ማለት ሐሳቡን አይከትበትም። ለብቻው አይደር። ቤት ያለ የፀረ ተባይ መርዝ ጎረቤትም ቢሆን ሄዶ ይቀመጥ። የክኒን ሳጥኑን እርስዎ ይያዙ፤ ሐኪሙንም የሳምንት የሳምንት እንዲያዝ ይጠይቁት። በተለይ አሚትሪፕቲሊን ሲበዛ ልብን ይመታል።

ማግኔቱ ሳምንታት የሚፈልግ ሕክምና ነው፤ እንዲህ ላለ ሰው መጀመሪያ የሚመጣው ሆስፒታል መተኛትና መድኃኒት ነው፤ ካስፈለገም ቀደም ብለን ያነሣነው በማደንዘዣ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ሕክምና። አደጋው ካለፈና ማግኔቱ ከታሰበ የሰበሰቡት ብር አይባክንም። ያን ጊዜ ከመነሣትዎ በፊት ደውለው ይጠይቁ፦ የጣት መለኪያ ይሠራሉ? በቀን ስንት ምት፣ በስንት በመቶ? የሚጥል ቢነሣ ክፍሉ ውስጥ ምን አለ? ክፍያው በቀን ነው በጠቅላላ? ለስድስት ሳምንት ማደሪያና ትራንስፖርትም ከሕክምናው ጋር አብሮ ይደመር፤ ብዙ ቤተሰብ በሦስተኛው ሳምንት የሚመለሰው በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ገበያ ላይ «ለጭንቀትና ለድባቴ» እየተባለ የማግኔት አምባር ይሸጣል። ያው ነገር አይደለም? (ከአራዳ ገበያ)

መልስ፦ አይደለም። ኤሌክትሪክ የሚቀሰቅሰው የሚለዋወጥ ማግኔት ነው፤ የአምባሩ ባለበት ይቆያል፣ ክንድ ላይ ነው፣ ጉልበቱም ከቆዳ ብዙ አያልፍም። ካማረብዎ ያድርጉት። ወደ እውነተኛው ሕክምና የሄዱ ቀን ግን ከጉትቻው ጋር በር ላይ ያውልቁት።