ካሴቱ ላይ ጻፉበት

ካሜራ ለያዛችሁ ልጆች፣

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ጃንሆይ ዘውድ የጫኑበት በዓል የሚከበርበት ቀን። ስቱዲዮው ማዘጋጃ ቤት ነበር፣ ምስሉም ጥቁርና ነጭ። እኔ የደረስኩት ከዓመታት በኋላ ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ ግን ከመጀመሪያዎቹ ካሜራማኖች አንዱ ናቸው። ጋሼ እንላቸው ነበር።

ያኔ ዜና የሚቀረጸው በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ነው። 30 ሜትር ገደማ የሚሆነው ጥቅል 3 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። አለቀ፣ አለቀ። አንዳንዱ ካሜራ እንደ ግድግዳ ሰዓት በእጅ ይሞላል፤ ባትሪ የለ፣ ቻርጅ የለ። ስለዚህ ጋሼ ቦታው ሲደርሱ ካሜራውን አስቀምጠው መጀመሪያ ዙሪያውን ያያሉ። ማን ሊናገር ነው? ብርሃኑ በየት በኩል ነው? እኛ ጎረምሶቹ እንቁነጠነጣለን። ቀርጸው ሲጨርሱ ደግሞ ከኪሳቸው ደብተር ያወጣሉ። ቦታ፣ ቀን፣ ከግራ ወደ ቀኝ የቆሙት ሰዎች ስም ከነአባታቸው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያሰለቸኝ ነበር።

ከዚያ የቪዲዮ ካሴት መጣ። ሲያሻህ በላዩ ላይ ደግመህ ትቀዳለህ። እፎይ አልኩ። ደብተሩንም ተውኩት።

አንድ ጊዜ ገጠር ሄጄ አንድ ሽማግሌ በገና ደርዳሪ ቀርጬ መጣሁ። ሽፋኑ ላይ ምንም አልጻፍኩም። በሳምንቱ ለስብሰባ ዜና ስጣደፍ ባዶ መስሎኝ ያንኑ ካሴት አነሳሁ። ሽማግሌው በዓመቱ አረፉ። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የራሴ ነው። ስብሰባው ስለ ምን እንደነበር ዛሬ ትዝ አይለኝም።

የልጅ ልጄ ስልክ ውስጥ ከ8,000 በላይ ምስል አለ። «ይሄ ማነው?» ስላት «እኔንጃ፣ የሆነ ሰርግ ላይ ነው» ትለኛለች። ትናንትና የተነሳው ነው እኮ!

ጥሩ ካሜራ መግዣ ገንዘብ ባይኖራችሁ ብዙ አትጨነቁ። ግን የቀረጻችሁትን ሳትጽፉ አትተኙ። ማን፣ የት፣ መቼ። የሰውየውን ስም አፍራችሁ አትተዉት፣ ራሱን ጠይቁት። ደስ ብሎት ይነግራችኋል። ከዚያ ሁለት ቦታ አስቀምጡት፤ ስልክ ይሰረቃል፣ ሃርድ ዲስክም ይሞታል።

የጋሼ ደብተር እኔ ጋ ነው። ሲያርፉ ልጆቻቸው ሰጡኝ። ከተጻፉት ጥቅሎች ብዙዎቹ የት እንደገቡ አላውቅም። ማን በማን ጎን እንደቆመ ግን አሁንም አነባለሁ።