ኮንፈረንሱ ላይ ማንን ልጠጋ?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምግብ ብሎግ መጻፍ ከጀመርኩ ትንሽ ቆየሁ። ተከታዮቼ ብዙ አይደሉም፤ ያሉት ግን ከልባቸው ያነቡኛል። በቅርቡ ለምግብ ብሎገሮች የተዘጋጀ የሁለት ቀን ኮንፈረንስ ቲኬት ገዛሁ። አሁን ግን ፈራ ተባ እያልኩ ነው። እዚያ የማውቀው ሰው የለም። ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል። የሚመጡት ደግሞ ስማቸው የገነነ ናቸው። ምን ይዤ ልሂድ? ስፖንሰሮቹን ምን ብዬ ላናግራቸው? ስጦታ ከሰጡኝ ስለ እሱ የመጻፍ ግዴታ አለብኝ? ወይስ ቲኬቱን ለሌላ ሰው ሸጬ ልረፈው?

ዓይን አፋሯ አብሳይ

መልስ፦

እህቴ፣ ቲኬቱን እንዳትሸጪው! ይልቅ ፕሮግራሙን አውጪና እስክሪብቶ ያዢ። ግማሹን ሰርዢው።

«ተከታይ በአጭር ጊዜ ማብዛት» የሚል ርዕስ ካየሽ ያለ ርኅራኄ ዝለዪው። አምና የሠራው ዘዴ ዘንድሮ አይሠራም፤ ማኅበራዊ ሚዲያዎቹ አሠራራቸውን በየጊዜው ይቀያይራሉ። የፎቶ፣ የሕግ እና ሪሲፒ በጉግል ላይ እንዴት እንደሚገኝ የሚያስረዱትን ግን አትለፊ። በተለይ የመጨረሻው አሰልቺ ይመስላል፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው። ከገጽሽ ጀርባ፣ አንባቢ በማያየው ኮድ ውስጥ፣ ስኬማ የሚባል ምልክት አለ። የትኛው ግብዓት፣ የትኛው የማብሰያ ሰዓት እንደሆነ ለጉግል የሚነግረው እሱ ነው። ጉግል፣ ቢንግና ያሁ እ.ኤ.አ. በ2011 በጋራ ያወጡት ነገር ነው። የሪሲፒ ካርድ ፕለጊን (ብሎግሽ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም) የምትጠቀሚ ከሆነ ምልክቱን ራሱ ይሠራልሻል፤ ግን አንቺ ባዶ የተውሽውን ቦታ አይሞላልሽም። እስቲ የቆዩ ፖስቶችሽን ገልጠሽ እዪ፤ የማብሰያ ሰዓቱን የዘለልሽው ስንቱ ላይ ነው?

ወደ ፍርሃትሽ ልምጣ። ጠዋት ቡና ላይ ክብ ሠርተው የሚያወሩ ሰዎች ታያለሽ። እነሱን ተያቸው፤ አብዛኞቹ ከድሮ ጀምሮ የሚተዋወቁ ናቸው። ያንቺ ሰዓት ምሳ ነው። የምግብ ብሎገሮች ምሳ ሲቀርብላቸው አይተሽ ታውቂያለሽ? ማንም አይበላም። አንዱ ጫማውን አውልቆ ወንበር ላይ ይቆማል። አንዷ የስልኳን መብራት በናፕኪን ሸፍና ለጎረቤቷ ታበራለች። ሌላዋ በአንድ እጇ ካሜራ፣ በሌላው ብርሃን ወደ ሳህኑ የሚመልስ ነጭ ካርቶን ይዛ ሦስተኛ እጅ ታጣለች። ምግቡ እዚያው ይቀዘቅዛል። አንቺም ጠጋ ብለሽ «ካርቶኑን ልያዝልሽ?» በያት። በቃ። ራስሽን ማስተዋወቅ፣ ስለ ብሎግሽ ማስረዳት አያስፈልግም። ፎቶውን አንስታ ስትጨርስ ስምሽን የምትጠይቅሽ እሷ ናት። ዓይን አፋር ሰው እጁ ሥራ ሲይዝ አፉም ይፈታል።

ቦታ ስትመርጪም መስኮት አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ ቀድመሽ ያዢ። ከመስኮት የሚገባው የቀን ብርሃን ወደ 5500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ነው፤ የአዳራሹ ቢጫ አምፖል ደግሞ 3000 ገደማ። የካሜራሽ ዋይት ባላንስ፣ ማለትም ነጩን ነጭ አድርጎ የሚያወጣው የቀለም ማስተካከያ፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማስተካከል አይችልም። ስለዚህ የሳህኑ ግማሽ ሰማያዊ፣ ግማሹ ብርቱካናማ ሆኖ ይወጣል። ከላይ የሚወርደውን የአምፖል ብርሃን በሰውነትሽ ወይም በፕሮግራሙ ወረቀት ከልዪው። ያኔ ሳህኑ ላይ የሚቀረው የመስኮቱ ብርሃን ብቻ ይሆናል።

ስፖንሰሮቹን ምሳ እንዳለቀ ሂጂባቸው፤ ጠዋት ጠረጴዛቸው ይጨናነቃል። የምታበስይውን፣ የሚያነብሽ ማን እንደሆነ፣ የእነሱን ዕቃ ተጠቅመሽ የምታውቂ ከሆነ ደግሞ ምን እንደሠራሽበት ንገሪያቸው። ከዚያ «ከትንንሽ ብሎጎች ጋር ትሠራላችሁ ወይ?» ብለሽ ቀጥ አድርገሽ ጠይቂ። ቁጥር ከጠየቁሽ እውነተኛውን ተናገሪ። የተጋነነ ቁጥር ይዞ የሚመጣ ሰው በየቀኑ ያያሉ፤ ስታቲስቲክሱን በስክሪን ሾት ላኪ ማለታቸውም አይቀርም። የብሎግ ሥራ የሚመለከተውን ሰው ስም ሳትቀበዪ ከዚያ ጠረጴዛ አትነሺ። ጠረጴዛው ላይ የቆመችው ልጅ ብዙ ጊዜ ለዕለቱ የተቀጠረች ናት።

ስጦታውን በተመለከተ፣ ካልተስማማሽ በቀር የመጻፍ ግዴታ የለብሽም። ግን የቲኬትሽን ውል መልሰሽ አንብቢው። አንዳንድ ኮንፈረንሶች ለብሎገር ዋጋ የሚቀንሱት በኋላ እንዲጻፍላቸው ነው፤ ቅናሽ አግኝተሽ ከሆነ ምን ፈርመሽ እንደሆነ እወቂ። ከጻፍሽ ደግሞ በነፃ እንዳገኘሽው መናገር አለብሽ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ይህን የማስታወቂያ መመሪያ ከታኅሣሥ 2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለብሎገሮችም በግልጽ ዘርግቶታል። ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በነፃ የተሰጠ ዕቃም ይቆጠራል። ታች፣ ማንም በማያየው ቦታ ደብቆ መጻፍም አይበቃም። አንቺ ያለሽበት አገር የተለየ ሕግ ሊኖረው ስለሚችል እሱንም አጣሪ። እኔ ግን ሕግ ባይኖርም እጽፈው ነበር። የሚያነቡኝ ሰዎች ድስት የተሰጣት ሴትና ድስት የገዛች ሴት ስለ ድስቱ እኩል እንደማያወሩ ያውቃሉ።

መድረክ ላይ ሲበስል ያየሽውን ሪሲፒ ይዘሽ ቤት መግባትሽም አይቀርም። በአሜሪካ የቅጂ መብት አሠራር የግብዓቶች ዝርዝር ብቻውን ጥበቃ የለውም። የአሠራሩ አጻጻፍና ፎቶው ግን ሊኖራቸው ይችላል። ስለዚህ በራስሽ ቃል ጻፊው፣ ከማን እንዳየሽውም ጥቀሺ። ባለቤቱ እዚያው ካለ ደግሞ ጠይቂው፤ አንድ ተጨማሪ ሰው ለማናገር ጥሩ ሰበብ ነው።

የምትይዢው ነገር ብዙ አይደለም። ቻርጀር፣ ፓወር ባንክ፣ የማይቆረቁር ጫማ፣ ስምሽና የብሎግሽ አድራሻ ያለበት ካርድ። የማይስማማሽ ምግብ ካለ ለአዘጋጆቹ ከአሁኑ ጻፊላቸው። ካርድ ስትቀበዪ ጀርባው ላይ ስለ ምን እንዳወራችሁ እዚያው ጫር አድርጊበት። ቤት ስትገቢ ሁሉም ፊት ይምታታብሻል። በሳምንቱ ውስጥ ሁለት መስመር ኢሜይል ላኪላቸው፤ ለካርቶኗ ልጅ ደግሞ የተሻለውን ፎቶ።

ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰው ሰው ከሰለቸሽ ክፍልሽ ገብተሽ ተኚ። ስም የሚጠራ የለም።