መልስ፦ የእስያ አገሮች ያለ አሜሪካ ባሕራቸውን መጠበቅ ይችላሉ ወይ?

ወንድሜ፣ የእስያ አገሮች ያለ አሜሪካ ተባብረው ጸጥታ ማስከበር ይችላሉ ወይ ብለሃል። ይችላሉ። በማሌዥያና በኢንዶኔዥያዋ ሱማትራ ደሴት መካከል ያለውን ጠባብ የባሕር መተላለፊያ፣ የማላካን ሰርጥ ተመልከት። ሲንጋፖር አጠገብ መተላለፊያው ወደ 3 ኪሎ ሜትር ይጠባል። ግዙፍ የነዳጅ መርከብ እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ወንበዴው በጨለማ በፈጣን ጀልባ ከኋላ ይጠጋና በገመድ ይወጣል።

በ2004 እ.ኤ.አ. ኢንዶኔዥያ፣ ማሌዥያና ሲንጋፖር የተቀናጀ ቅኝት ጀመሩ። ታይላንድም በ2008 ተቀላቀለች። የለንደን መድን ሰጪዎች በ2005 ሰርጡን የጦርነት ስጋት ካለባቸው ቦታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብተውት ነበር፤ በዓመቱ አወጡት። እኔን ደስ የሚለኝ ማንም አለቃ አለመሆኑ ነው። ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ የውጭ ጦር ውሃችንን አይጠብቅም ብለው ነበር፤ ሉዓላዊነታቸው ሳይነካ ሥራው ተሠራ። ስርቆት እስከ ዛሬ አልጠፋም፣ እሱ እውነት ነው።

ደቡብ ቻይና ባሕር ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል። እዚያ ጠቡ ከወንበዴ ጋር ሳይሆን እርስ በርስ ነው።