ስካይ ደሴት ላይ ከእናትና ከልጅ ጋር የት እንሂድ ላልሽው

እህቴ፣ ለሦስት ቀን ስኮትላንድ ወዳለው ስካይ ደሴት ልትሄዱ ነው። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናትሽ፣ ለአሥር ዓመት ልጅሽና ተራራ ለሚወደው ባለቤትሽ የሚሆን የእግር መንገድ ጠይቀሻል። እኔ ግላስጎው ስለምኖር ደጋግሜ ሄጄበታለሁ። እባክሽ መንገዱን በፎቶ አትምረጪ። ርዝመቱን ብቻ አይተሽም አትወስኚ። እዚያ ሰው የሚያደክመው ዳገቱ፣ ንፋሱና እርጥቡ ድንጋይ ነው።

ለእናትሽ ከደንቬገን ቤተ መንግሥት አለፍ ብሎ ያለውን ኮራል ቢች የሚባል የባሕር ዳርቻ እመርጣለሁ። ደርሶ መልሱ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ከባድ ዳገት የለውም። ነጭ የሚመስለው አሸዋ የደረቀ የባሕር አልጌ ስብርባሪ ነው። ልጅሽ ሲለቅም ይውላል።

ኒስት ፖይንት የሚባለውን፣ የመብራት ማማ ያለበትን የባሕር ዳር ገደል ብዙ ሰው «ቀላል ነው» ይላል። እኔ አልስማማም። ወደ መብራት ማማው የሚወስደው መንገድ በሲሚንቶ የተሠራ ነው፤ ግን መሄጃው ቁልቁለት ነው። ዳገቱ የሚጠብቅሽ ስትመለሺ፣ ከደከመሽ በኋላ ነው። ለታመመ ጉልበት ደግሞ ቁልቁለቱም አይሆንም። እናትሽ ከላይ ሆነው ገደሉንና ባሕሩን ይዩ፤ በቂ ነው።

ኦልድ ማን ኦፍ ስቶር የሚባለው የቆመ ትልቅ ቋጥኝ ለልጁ ጥሩ ነው። ደርሶ መልስ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሽቅብ ደግሞ ወደ 300 ሜትር። መኪና ማቆሚያው ቶሎ ስለሚሞላ በጠዋት ድረሱ።

ኩዊራንግ ከሁሉም የምወደው ነው። መሬቱ በጥንት ናዳ ተንሸራቶ የተሰነጣጠቀ ስለሆነ ቅርጹ ሌላ ቦታ አይገኝም። ሙሉ ዙሩ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአንዳንድ ቦታ መንገዱ ጠባብ ሆኖ ከጎኑ ገደል አለ። ከልጅ ጋር በታችኛው መንገድ የተወሰነ ሂዱና በመጣችሁበት ተመለሱ። ምርጡ እይታ መጀመሪያው ላይ ነው። ንፋስ ካለ ግን ጭራሽ ተዉት።

ባለቤትሽ ጥቁር ኩሊን የሚባሉትን ድንጋያማ ተራሮች መውጣት ካሰበ፣ ያለ ልምድና ያለ አስጎብኚ አይሞክረው። ከፍተኛው ጫፍ 992 ሜትር ብቻ ነው፤ ነገር ግን ድንጋዩ ማግኔትነት ስላለው ኮምፓስ ያሳስታል፣ ጭጋጉም በድንገት ይወርዳል። ከኤልጎል መንደር በጀልባ ወደ ኮሩስክ ሐይቅ ቢሄድ፣ ተራሮቹ መሀል ገብቶ ያያቸዋል። እናንተም አብራችሁት መሄድ ትችላላችሁ።