መልስ፦ ለ4 ዓመት ልጅ 4.5 ወይስ 5?

እህቴ፣ ለቶንሲል ቀዶ ጥገና ለሚገባ የ4 ዓመት ልጅ አንዱ 4.5 ሌላው 5 ቁጥር የመተንፈሻ ቱቦ (ቁጥሩ የቱቦው የውስጥ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው) ይላሉ ብለሽ ግራ ገብቶሽ ነበር የጠየቅሽው። ሁለቱም ልክ ናቸው። ልዩነቱ ካፉ፣ ማለትም ቱቦው ጫፍ አካባቢ ያለው በአየር የሚነፋ ፊኛ፣ ላይ ነው። ዕድሜውን ለ4 አካፍዪና ካፍ ለሌለው 4፣ ካፍ ላለው 3.5 ደምሪበት። እኔ ብሆን ካፍ ያለውን 4.5 ነው የምመርጠው፤ አየር ካመለጠ ካፉን ትንሽ መንፋት ይበቃል፣ ቱቦ አውጥቶ ሌላ ማስገባት የለም።

ግን ቀመር መነሻ ብቻ ነው፣ ከ2 ዓመት በታች ደግሞ ባትተማመኚበት ይሻላል። ልጁ ሳይተኛ በፊት 4 እና 5 ቱቦም ከጎንሽ ይኑሩ። ቱቦው የድምፅ አውታሮቹን አልፎ ከዚያ በታች እንቢ ካለ በጭራሽ አትግፊ፤ ክሪኮይዱ (ከድምፅ አውታሮቹ በታች ያለው ለምለም አጥንት) ጋ ዙሪያው ቀለበት ስለሆነ አይለጠጥም፣ እብጠቱ የሚመጣው ቱቦው ከወጣ በኋላ ነው። ግማሽ ቁጥር ዝቅ በይ። ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ ከሆነማ ከመጀመሪያውም ዝቅ ብለሽ ጀምሪ።

የካፉን ግፊት በጣትሽ ነካክተሽ አትገምቺ። በመለኪያ ከ20 ሴንቲ ሜትር ውሃ እንዳይበልጥ አድርጊ፤ ናይትረስ (የማደንዘዣ ጋዝ) የምትጠቀሙ ከሆነ ካፉ ውስጥ እየገባ ስለሚያሳብጠው ደጋግመሽ ለኪ። ጥልቀቱ ከንፈር ላይ 14 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል፣ ሁለቱንም ሳንባ ሳታዳምጪ ግን ፕላስተር እንዳታደርጊ።