ጁገል ውስጥ ቤቶቹ ለምን ሁለት ዓይነት ሆኑ?

ወንድሜ፣ ሐረር ጁገል (በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ) ውስጥ አንዳንዱ ቤት ከመንገድ ሲታይ ግድግዳ ብቻ ሆኖ ሌላው ለምን የእንጨት በረንዳ አለው ላልከው፣ የሰሯቸው ሰዎች ስለሚለያዩ ነው። ግድግዳ ብቻ የሚመስልህ የሐረሪዎቹ ቤት ጌይ ጋር ነው፣ ከውጪ ምንም አያሳይህም፣ በሩን አልፈህ ግቢ ስትገባ ነው ቤቱን የምታገኘው። ዋናው ክፍል ውስጥ በደረጃ ከፍ ዝቅ ያሉ መደቦች አሉ፣ ነደባ ይሏቸዋል፣ አምስት ናቸው፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ስለሆነ ዝም ብለህ ገብተህ የአባወራው ቦታ ላይ ዘፍ አትልም ሃሃ። ቀይ የሚቀቡትም አጤ ምኒልክ ሐረርን በያዙበት በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም ማስታወሻ ነው ይባላል። ግድግዳው ደግሞ ወደ ውስጥ የገቡ መደርደሪያዎች አሉት፣ ሳህኑ ስፌቱ እላይ ድረስ ተሰቅሎ ስታየው ሌላ ጌጥ አያስፈልገውም።

በረንዳ ያለው የህንድ ቤት የሚባለው ነው። አጤ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም ሐረርን ከያዙ በኋላ የመጡ የህንድ ነጋዴዎች ያመጡት አሰራር ነው፣ አራት ማዕዘን ባለ አንድ ፎቅ ሆኖ በረንዳው ወይ ወደ መንገድ ወይ ወደ ግቢ ያያል። የራምቦ ቤት እያሉ ቱሪስት የሚያስገቡበትም የህንድ ነጋዴ ያሰራው ነው፣ ስሙ ግን ለፈረንሳዩ ገጣሚ ሄደ።

ሁለቱን የቀላቀለ ሶስተኛ ዓይነትም አለ፣ ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም ጁገልን ሲመዘግብ ይሄን መቀላቀል ለብቻው ጠቅሶታል። ስለዚህ በረንዳ ስላየህ ብቻ የህንድ ነው አትበል፣ ካስገቡህ መጀመሪያ ነደባ መኖሩን እይ።