የድሮ ኦቢ ቫን አሳንሳችሁ ለምትሠሩ ልጆች

ልጆች፣ ባሕር ዳር ውስጥ ከካርቶንና ከቆርቆሮ መኪና የምትሠሩ ብዙ ናችሁ። ኢሱዙና ባጃጅ እንደምታሳምሩ አይቻለሁ። አሁን ደግሞ አንዳንዶቻችሁ የድሮ የቴሌቪዥን መኪና፣ ከስቱዲዮ ውጭ ያለን ዝግጅት ቀርጾ የሚያስተላልፈውን ኦቢ ቫን ማለቴ ነው፣ አሳንሳችሁ መሥራት አምሯችኋል። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት እንዲህ ያለ መኪና ውስጥ በቴክኒሻንነት ነው። ስለዚህ ዝም ማለት አልችልም። ዋናው ነገር አንድ ነው፦ ከውስጥ ጀምሩ።

ለምን መሰላችሁ? የመኪናው ቅርፅ የሚመጣው ውስጡ ካለው ሥራ ነው። የአሜሪካው አርሲኤ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1946 ያወጣውን ቲኬ-30 ካሜራ እዩት። ዙም የለውም። ፊቱ ላይ አራት ሌንስ የተሰካበት ክብ ሳህን አለ፤ ካሜራማኑ ከኋላ ባለ እጀታ እያዞረ ይቀይራል። ሌንሱ እየዞረ ሳለ ያ ካሜራ አየር ላይ ሊቆይ አይችልም፣ ስለዚህ ዳይሬክተሩ ወደ ሌላ ካሜራ ይሄዳል፣ ሌላ ካሜራ ካለ ደግሞ ሌላ ሞኒተር፣ ሌላ መቆጣጠሪያ፣ ሌላ ኬብል ያስፈልጋል፣ መኪናውም በዚያው ልክ ይረዝማል።

ያ ሁሉ ዕቃ የሚሠራው በቫኪዩም ቲዩብ፣ አምፖል በሚመስል የመስታወት ቱቦ ነው። ቲዩብ ደግሞ በጣም ይግላል። የአየር ማስወጫዎቹ ለጌጥ የተደረጉ እንዳይመስላችሁ። ጣሪያው ላይ ካሜራና ሰው ስለሚወጣ ጠንካራ ወለልና መሰላል አለው። ምስሉን ወደ ጣቢያ የሚልከው የማይክሮዌቭ (የሬዲዮ ሞገድ) ሳህንም እዚያው ነው የሚቆመው፤ ማይክሮዌቭ በቀጥታ መስመር ስለሚሄድ ሕንፃም ዛፍም ያግደዋል። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥታችሁ ከተማውን ቁልቁል ካያችሁት ከፍታ ለምን እንደሚፈለግ ወዲያው ይገባችኋል። በነገራችን ላይ፣ የአሜሪካው ቴሌቪዥን ጣቢያ ኤንቢሲ እ.ኤ.አ. በ1939 የኒው ዮርኩን የዓለም ትርዒት መክፈቻ ሲያስተላልፍ አንድ መኪና አልበቃውም፤ አንዱ ካሜራውን የሚቆጣጠር፣ ሌላው ማሠራጫውን የተሸከመ ነበር።

ልኬት ላይ በፍጹም አትገምቱ። ጎኑን ቀጥ አድርጎ የሚያሳይ ፎቶ ፈልጉና ጎማውን ለኩ። የጎማው መጠን 9.00-20 መሆኑን ካወቃችሁ ቁመቱ ወደ 1 ሜትር ነው። ፎቶው ላይ ጎማው 2 ሴንቲ፣ መኪናው 16 ሴንቲ ከሆነ መኪናው 8 ሜትር ገደማ ነው ማለት ነው። በ1 ለ 24፣ ማለትም ከእውነተኛው 24 ጊዜ አሳንሳችሁ ስትሠሩት 33 ሴንቲ ይመጣል። እኔ ይሄንን ልክ እመርጣለሁ። ሰው 7 ሴንቲ ያህል ይሆናል፣ የሞኒተሩ ቁልፎችም ይታያሉ። 1 ለ 72 ላይ ግን ያ ሁሉ ጥቃቅን ነጥብ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ልፋታችሁ ያሳዝነኛል።

ስለ ዕቃው ብዙ አልልም፣ እጃችሁ ከእኔ ይሻላል። ግን የባሕር ዳር ክረምት እርጥብ ነውና ካርቶኑን በሁለቱም በኩል ቫርኒሽ ቀቡት፣ ያለበለዚያ ይጎብጣል። ሱፐር ግሉ መስኮት አጠገብ አታድርሱ፤ ፕላስቲኩን ነጭ ጉም ያለብሰዋል። ለመስታወቱ ነጭ ኮላ ይሻላል፣ ሲደርቅ አይታይም። ስፕሬይ ቀለም ደግሞ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ጥቅምት ላይ። ለካሜራ ኬብል የተበላሸ ቻርጀር ፈልቅቁና ውስጡ ያለውን ቀጭን ሽቦ ተጠቀሙ። እያንዳንዱን ሽቦ ከካሜራው ተነስቶ እስከ መቆጣጠሪያው፣ ከዚያም ጣሪያው ላይ እስካለው የማይክሮዌቭ ሳህን በትክክል አድርሱት። ማንም ባያየውም አድርሱት!

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። አገራችን ቴሌቪዥን የጀመረችው በ1957 ዓ.ም. ነው፣ ባለቀለም የሆነው በ1970ዎቹ። በጥቁርና ነጩ ዘመን የሠሩ ሰዎች ዛሬ አርጅተዋል። ጠይቃችሁ አፈላልጓቸው። ሞዴሉን ጣሪያው ሳይከደን ይዛችሁ ሂዱ፤ «ይሄ እዚህ አልነበረም» የሚሏችሁን ሁሉ እዚያው ጻፉ፣ ከቻላችሁም ድምፃቸውን በስልካችሁ ቅረጹ። ጣሪያውን ከዚያ በኋላ ትከድኑታላችሁ፤ ያኔም ቢሆን የሚነሳ አድርጉት።